መሄጃውን አይቼ መመለሻውን ረሳሁ

የግድግዳ ጋዜጣችን አዘጋጆች «ከክፍል ውጭ የተማራችሁትን አንድ ቁም ነገር ጻፉልን» ሲሉ ምን እንደምጽፍ ብዙ አላሰብኩም። የምጽፈው ስለ አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ነው። «ከመኪና ባትሪና ከሽቦ ለመምህር የሚሆን ምን ትምህርት ይገኛል?» የሚል ቢኖር አልፈርድበትም። እኔም ነገሩ በራሴ ላይ እስኪደርስ ድረስ እንደዚያው ነበርኩና። ብቻ እስከ መጨረሻው እንዲያነበኝ እለምነዋለሁ።

ቤታችን ቆሼ ነው። አባታችን ሲያርፍ ያወረሰን አንዲት ቮልስዋገን ናት፤ ያቺ ሰው ሁሉ «ቮልስ» የሚላት፣ ሞተሯ ከኋላ የሆነው። እናቴ እንጀራ ትጋግራለች። ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ጎህ ሳይቀድ በዚያችው መኪና አየር ጤናና ዘነበወርቅ ላሉ ምግብ ቤቶች ያደርሳል። ለዚሁ ሥራ ሲባል የኋላ ወንበሯ ወጥቶ በቦታው ጣውላ ተነጥፎበታል። እንጀራው በሰፌድ ተደርድሮ፣ በላስቲክ ተሸፍኖ እዚያ ላይ ይቀመጣል። የቮልስ ባትሪ የሚገኘው በኋላ ወንበር ሥር፣ በስተቀኝ በኩል መሆኑን የሚያውቅ ያውቃል። እንግዲህ ባትሪያችን የሚኖረው በየሌሊቱ ትኩስ እንጀራ ከሚጫንበት ጣውላ ሥር ነበር ማለት ነው። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት መኪናዋ አመል አወጣች። ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ወንድሜ ቁልፉን ሲያዞር ሞተሪኖው «እህህ» ብሎ ያቃስትና ዝም ይላል። እኔና ሁለት የጎረቤት ልጆች ከእንቅልፋችን ተነሥተን በጭቃ ውስጥ እንገፋለን። አንዳንድ ቀን ትነሣለች፣ አንዳንድ ቀን እምቢ ትላለች። አንድ ሰኞ ጧት ጭራሽ እምቢ አለችና እንጀራው ከሁለት ሰዓት በኋላ ደረሰ። ምግብ ቤቱ ከሌላ ሰው ገዝቶ ነበር፤ ከዚያም ወዲያ ከሌላው ሰው መግዛቱን ቀጠለ። በቀን ሠላሳ እንጀራ የሚወስድ ደንበኛ ማጣት ለእኛ ቤት ቀላል ነገር አይደለም።

በቤታችን «ፊዚክስ የሚያውቀው» እኔ ነኝ። የኦምን ሕግ ከአሥረኛ ክፍል ጀምሮ በቃሌ እወጣዋለሁ፤ በፈተናም ስቼው አላውቅም። ስለዚህ እናቴ «አንተስ ምን ትላለህ?» ብላ ስትጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ መለስኩ። «ባትሪው አንሷል። አሁን ያለው 45 አምፔር ሰዓት ነው፤ 60 ይገዛ። ጉልበት ይጨምራል» አልኳት። እናቴ የእቁብ ዕጣዋ የወጣላት በዚያው ሳምንት ነበር። ለጣሪያ ቆርቆሮ ያሰበችውን ገንዘብ ሳታመነታ ሰጠችን። አሮጌውን ባትሪ ለቆራሌው ሸጥንና አዲሱን አስገባን።

መኪናዋ በአንድ ቁልፍ ተነሣች! እኔም በሰፈር ልጆች ፊት መሐንዲስ ሆንኩ። ግን ምን ይደረግ፣ ደስታው ሁለት ወር አልሞላም። መስከረም ሲጠባ ያው «እህህ» ተመለሰ። ወንድሜ አንድ ቃል አልተናገረኝም፤ ዝም ብሎ ብቻ ተመለከተኝ። እናቴ ደግሞ «ተወው ልጄ፣ አንተ ምን ታደርግ፣ ያልታደለ ነገር ነው» አለች። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ጣሪያው በዚያ ክረምት እንዳፈሰሰ ነበርና ማታ ማታ ጠብታው በባልዲ ውስጥ ጠብ ሲል የሚቆጥረው እኔን ይመስለኝ ነበር።

በመጨረሻ ወንድሜ ከቀለበት መንገዱ ወዲህ አንዲት ጠባብ ቦታ ይዘው የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠሩ አንድ ሽማግሌ ዘንድ ወሰዳት። እኔም ተከተልኩ፤ እውነቱን ለመናገር የተከተልኩት ሰውዬው ባትሪው ውሸታም ዕቃ ነው ብለው ነፃ ያወጡኝ እንደሆን ብዬ ነው።

ሽማግሌው ጣውላውን አነሡና ባትሪውን ገና ሲያዩት «ይህን ማን መረጠው?» አሉ።

«እኔ ነኝ፣ ጋሼ።»

«ቁመቱ ረዘመ እኮ። ይኸውልህ፣ ከጣውላው ሥር የተመታው ቆርቆሮ የፖዘቲቩን ራስ ሊነካ አንድ ጣት ቀርቶታል። ነክቶት ቢሆን ኖሮ እሳት ነው፤ እንጀራውም መኪናውም ወንድምህም አብረው ነበር የሚነዱት።»

ክው ብዬ ቀረሁ። በእርግጥም በቮልስ ላይ ይህ የታወቀ አደጋ ነው። ወንበሩ ባለበት መኪና እንኳ ረጅም ባትሪ ሲገባ ሰው ሲቀመጥበት የወንበሩ ሞላ ተጭኖ ራሶቹን ስለሚነካ፣ ባትሪው መከለያ እንዲኖረው ያስፈልጋል። ሽማግሌው ወዲያው ከአሮጌ ካላማደሪያ ጎማ ቆርጠው ሸፈኑት። ከዚያም «አሁን በሽታውን እንፈልግ» አሉ።

«ባትሪው ነው እንጂ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» አልኩ።

«ግራውንዱን አይተኸዋል?»

«መብራቱ ቦግ ብሎ ይበራል እኮ ጋሼ። ግራውንዱ ባይሠራ መብራቱ ከየት ይመጣል?»

ሽማግሌው ሳቁ። «ልጄ፣ መብራት የሚጠጣው በሲኒ ነው፤ ሞተሪኖ የሚጠጣው በእንስራ ነው። የምትንጠባጠብ ቧንቧ ሲኒ ትሞላለች። እንስራ ይዞ የመጣ ሰው ግን ጥም ይገድለዋል» አሉኝ።

ከዚያም ቴስተር አወጡ። አንዱን ጫፍ በባትሪው ኔጌቲቭ ራስ ላይ፣ ሌላውን በሞተሩ ብረት ላይ አድርገው እንድይዝ አዘዙኝና ወንድሜን «ቁልፉን አዙር» አሉት። በእነዚህ በሁለቱ ነጥቦች መካከል ገመድና ብረት እንጂ ሌላ ነገር የለም፤ ስለዚህ ቴስተሩ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ማሳየት ነበረበት። 2.8 ቮልት አሳየ። የባትሪው ሁለት ራሶች ላይ ሲለካ ደግሞ፣ ሞተሪኖው በሚጎትትበት ጊዜ 10.6 ቮልት ነበር። ከ10.6 ላይ 2.8 ሲቀነስ 7.8 ይቀራል። ለአሥራ ሁለት ቮልት የተሠራ ሞተሪኖ በ7.8 ቮልት ቢያቃስት ምን ይገርማል?

«ወረቀት ካለህ አስላው» አሉኝ። ሞተሪኖ ከመቶ አምፔር በላይ ይስባል፤ 140 ነው ብንል፣ 2.8 ለ140 ሲካፈል 0.02 ኦም ይመጣል። ሁለት መቶኛ ኦም! በክፍል ውስጥ ብንሆን «ከቁጥር የማይገባ ነው» ብለን የምንተወው ነበር። በዚያችው 0.02 ኦም ውስጥ ለፊት መብራቶች የሚሄደው 8 አምፔር ቢያልፍ የሚጠፋው 0.16 ቮልት ብቻ ነው፤ ዓይን አያየውም። ለዚህ ነው መብራቱ ያታለለኝ። ለትንሽ ሥራ ደህና የሚመስል መንገድ ትልቅ ሸክም ሲመጣበት ይዘጋል። ቮልቴጅ የከረንትና የሬዚስታንስ ብዜት ነው የሚለውን ሕግ ስንት ጊዜ ጽፌዋለሁ! የገባኝ ግን ያን ዕለት፣ እጄ ግራሶ ነክቶ ሳለ ነው።

እዚህ ላይ ግራውንድ ምን እንደሆነ ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ። ኤሌክትሪክ ወጥቶ የሚቀር ነገር አይደለም፤ ከባትሪው አንድ ራስ ወጥቶ፣ ሥራውን ሠርቶ፣ ወደ ሌላው ራስ መመለስ አለበት። መመለሻ የሌለው መሄጃ ከንቱ ነው። ጥንት ቴሌግራፍ ሲጀመር መሄጃና መመለሻ ሁለት ሽቦ ይዘረጋ ነበር። በ1838 እ.ኤ.አ. ሽታይንሃይል የተባለ ጀርመናዊ አንዱን ሽቦ ትቶ መሬትን ራሷን መመለሻ ማድረግ እንደሚቻል አሳየ፤ ስሙም ከዚያ ወዲህ «መሬት» ሆኖ ቀረ። በመኪና ላይ ግን ስሙ ብቻ ነው መሬት የሆነው። መኪና በጎማ ላይ ስለሚቆም መመለሻው የራሱ የብረት አካሉ ነው። ለመብራቱ፣ ለጥሩንባው፣ ለሞተሪኖው የመመለሻ ሽቦ ለየብቻ ከመዘርጋት ይልቅ ሁሉም በብረቱ ላይ ይመለሳሉ። ብረቱ ከባትሪው ጋር የሚገናኘው ደግሞ በአንድ ገመድና በአንድ ብሎን ነው። ያ ብሎን ከዛገ የሁሉም መመለሻ ታመመ ማለት ነው።

በቮልስ ላይ እንዲህ ያለ ወሳኝ መጋጠሚያ ሁለት ቦታ አለ። አንደኛው የባትሪው ኔጌቲቭ ገመድ ከወለሉ ብረት ጋር የሚታሰርበት ነው። ሁለተኛው ከሥር ነው። ሞተሩና ካምቢዮው በጎማ ላይ ስለተቀመጡ ከአካሉ ጋር የሚያገናኛቸው ከመዳብ የተጎነጎነ ጠፍጣፋ ገመድ በካምቢዮው አፍንጫ ዘንድ አለ። እየለየን ስንለካ የመጀመሪያው ብቻውን 1.9 ቮልት፣ ሁለተኛው 0.9 ቮልት ይበላ ነበር። ድምሩ ያው 2.8።

የመጀመሪያውን ብሎን ሲፈቱት ዝገቱ እንደ ቆሎ ረገፈ። ልብ በሉልኝ ያልኩት እዚህ ላይ ይመጣል። ከትኩስ እንጀራ የሚወጣው እንፋሎት በላስቲኩ ሥር ውሃ እየሆነ በጣውላው ስንጥቅ ሲንጠባጠብ የኖረው በዚያ ብሎን ላይ ነበር። የባትሪው አሲድ ትነት ሲጨመርበት ጊዜ ዝገቱ ወለሉን ራሱን ሊበሳው ምንም አልቀረው። ያበላን እንጀራ ነው መመለሻውን የዘጋው። የሥሩ ጉንጉን ገመድ ደግሞ ግማሹ ተበጣጥሶ አረንጓዴ ሆኗል። ወንድሜ ይህን ሲያይ «ለዚህ ነው እንዴ የነዳጅ መስጫው ገመድ ሁለት ጊዜ የተበጠሰብኝ?» አለ። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። መመለሻው ሲዘጋ ኤሌክትሪኩ ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ከሞተሩ ጋር በተያያዘ በሌላ ብረት፣ በነዳጅና በፍሪሲዮን ገመድ ሳይቀር፣ ሊመለስ ይሞክራል። እነዚያ ደግሞ ለዚህ ሸክም አልተሠሩምና ይግላሉ፣ ያልቃሉ።

«ታዲያ አዲሱ ባትሪ በሁለት ወር ለምን ደከመ?» ብዬ ጠየቅሁ። መልሱ ከሁሉ ይልቅ አሳዘነኝ። ባትሪው የሚበላውም በዚያው መንገድ ነው። ዲናሞው ሲሞላው ከረንቱ በዚያው ዝገት በኩል ያልፋል። 20 አምፔር ሲሞላ 0.4 ቮልት በመንገድ ይቀራል። 14 ቮልት ሊደርሰው ሲገባ 13.6 ይደርሰዋል። ጉዞው አጭር፣ ሰዓቱ ሌሊት፣ መብራቱ የበራ ሲሆን ደግሞ ባትሪው አንድም ቀን ሳይጠግብ ያድራል። ያልጠገበ ባትሪ ሳህኖቹ ላይ ሰልፌት እየደረቀበት ይሞታል። ስለዚህ ባትሪው ደካማ አልነበረም፤ ረሃብተኛ ነበር። ለቆራሌው የሸጥነውም አሮጌ ባትሪ እንደዚያው ሳይሆን አይቀርም። በውስጡ እርሳስና አሲድ እንዳለ፣ እርሳስም የሕፃናትን አእምሮ እንደሚጎዳ እያወቅሁ የማን ልጅ እንደሚሰብረው ሳልጠይቅ ሸጬው ነበር።

ጥገናው ግማሽ ቀን ፈጀ። ቅደም ተከተሉን የምጽፈው ቤቱ አሮጌ መኪና ያለው ጓደኛ ይጠቀምበት ብዬ ነው። ሲፈታ መጀመሪያ ኔጌቲቩ፣ ሲታሰር መጨረሻ ኔጌቲቩ ነው። እንዲህ ከሆነ ቁልፉ አምልጦ አካሉን ቢነካ እንኳ እሳት አይፈጥርም። የአሲዱን ቅሪት ቢካርቦኔት በውሃ በጥብጦ ማጠብ፤ መጋጠሚያውን በብርጭቆ ወረቀት እስኪያበራ መፋቅ፤ ቀለም ካለ ቀለሙንም ማንሣት። ገመዱን ወፍራም ማድረግ፤ የእኛው 35 ካሬ ሚሊሜትር የብየዳ ገመድ ነው። ጫፉ በደንብ ተጨምቆ መያዝ አለበት። ብሎኑን አጥብቆ ካሰሩ በኋላ ውሃ እንዳይገባ ከላይ ግራሶ መቀባት። ሽማግሌው ከነበሩት ሁለት መጋጠሚያዎች ሌላ ከሞተሩ ወደ አካሉ አንድ ተጨማሪ ገመድ ዘረጉልን። ባትሪውም ሌሊቱን ሙሉ ቻርጅ ተደረገ። በማግስቱ ስንለካ 2.8 የነበረው 0.2 ሆነ። ወንድሜ ቁልፉን ሲነካው ሞተሯ ጮኸች። እናቴ ከበር ላይ እልል አለች።

የተከፈለው ገንዘብ ከባትሪው ዋጋ ጋር የሚወዳደር አልነበረም። ሽማግሌው ያንን የብየዳ ገመድ የገዙት መርካቶ ምናለሽ ተራ ነው። «ማን ያውቃል፣ ከእናንተው ሰፈር ወጥቶ ይሆናል» አሉኝ። ይህም ቀልድ ብቻ አይደለም። ከቆሼ ክምር የሚለቀም ብረትና መዳብ በስንት እጅ አልፎ ወደ መርካቶ ይወጣል። ስለ ሰፈሬ ያሰብኩትም ያኔ ነው። አዲስ አበባ ለግማሽ ምዕተ ዓመት የተጠቀመችበትን ሁሉ ወደ ቆሼ መለሰች፤ መመለሻው ምን እንደሚችል ግን ዘወር ብሎ ያየ ጥቂት ነበር። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ማታ ክምሩ ተንዶ ከሥሩ የነበሩትን ቤቶች ዋጠ፤ ከመቶ በላይ ሰዎች ሞቱ፤ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን ታወጀ። እኔ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ነበርኩ። የዚያን ሰሞን ለቅሶ እስከ ዛሬ አልረሳም። ሰው ዓይኑን የሚጥለው በሚሄደው ላይ ነው፤ የሚመለሰውን የሚያየው ሲናድ ነው።

አሁን ወደ ሙያችን ልምጣ። ባለፈው ወር ለማስተማር ልምምድ በተላክሁበት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ለአምስተኛ ክፍል ክፍልፋይ አስተማርኩ። ድምፄ ጥሩ ነበር፣ ሰሌዳው ተሞላ፣ የትምህርት ዕቅዴም አልጎደለም። በመጨረሻ «ገባችሁ?» ብዬ ጠየቅሁ። «አዎን መምህር!» ብለው በአንድ ድምፅ መለሱ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በማግስቱ አንድ ጥያቄ ሰጥቼ ለየብቻቸው ቢሠሩ፣ ከሃምሳ ሁለቱ ያገኙት ዘጠኝ ናቸው። መጀመሪያ በአእምሮዬ የመጣው «ልጆቹ ደካማ ናቸው፤ እንደገና ጠንከር አድርጌ ማስረዳት አለብኝ» የሚል ነበር። ይህን ለራሴ እንደተናገርኩ ያ ባለ 60 አምፔር ባትሪ ፊቴ ላይ ድቅን አለ።

ለካ «ገባችሁ?» ማለት መብራት ማብራት ነው! «አዎን» ለማለት ትንሽ ከረንት ይበቃል። እንስራውን ሲያመጡበት ነው መንገዱ የሚታወቀው። ስለዚህ ማስረዳቱን ትቼ ወደ ኋላ ወንበር ሄድኩና አንዲት ልጅ አጠገብ ተቀመጥኩ። «እስቲ የቱ ጋ ነው የቆምሽው?» አልኳት። ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያም በሹክሹክታ «መምህር፣ ታህት ማለት ምን ማለት ነው?» አለችኝ። ላዕልና ታህት የሚሉትን ቃላት ሁለት ክፍለ ጊዜ ሙሉ ስደጋግም ምን እንደሆኑ የነገርኳቸው አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም በጥድፊያ ነው። ዝገቱ እዚያ ነበር። ከላይና ከታች መሆናቸውን እንጀራ ስሎ ማሳየት ዐሥር ደቂቃ አልፈጀም። ልጆቹ ደካሞች አልነበሩም፤ የሰጠኋቸው መንገድ ላይ ይቀር ነበር እንጂ።

አንዳንዱ «አሮጌ መኪና ምን ያደርጋል፤ በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ተወስኖ የለም ወይ? ዘመኑ የኤሌክትሪክ ነው» ይለኝ ይሆናል። ይሁን። የኤሌክትሪክ መኪናም ቢሆን ለመብራቱና ለመቆጣጠሪያው የ12 ቮልት መስመር አለው፤ የዚያም መስመር መመለሻ የመኪናው አካል ነው። ዕቃው ቢለወጥ ሕጉ አይለወጥም።

መኪናችን ከዚያ ወዲህ ሁለተኛ ክረምቷን ተሻግራለች፤ በዚያው ባትሪ። ከእንጀራው ሥር ውሃ የማያሳልፍ ላስቲክ ተነጥፎበታል፤ ብሎኑንም በየሦስት ወሩ ፈትቼ የማጸዳው እኔ ነኝ። የሄደው ደንበኛ አልተመለሰም። የእናቴም ጣሪያ እስካሁን በአንድ በኩል ያፈስሳል፤ ደመወዝ ስጀምር የመጀመሪያው ወጪዬ እሱ ነው።

አባቶቻችን «ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላሉ። እኔ ከሥሩ ሳላይ የእናቴን እቁብ አጠፋሁ። ወንድሞቼና እኅቶቼ ዕጩ መምህራን፣ ነገ በየክፍላችን ስንቆም ተማሪን «ሰነፍ» ከማለታችን በፊት፣ ድምፃችንንም ከፍ ከማድረጋችን በፊት፣ አንድ ጊዜ ጎንበስ ብለን መመለሻውን እንይ። ከእኛ የወጣው ምን ሆኖ ተመለሰ? ይህን የማይጠይቅ መምህር፣ እኔ ያን ክረምት እንደሆንኩት፣ ባትሪ ሲገዛ ይኖራል።